የባንድ ድረ ገጽ እንደ ታሪክ ሰነድ፦ ከሬዲዮሄድ እስከ ጃኖ

የሮክ ሙዚቃን ታሪክ የሚያጠና ሰው ለረጅም ጊዜ በሦስት ዓይነት ማስረጃ ሲሠራ ቆይቷል፦ በሸክላው ወይም በካሴቱ፣ በጋዜጣ ዘገባና በባለሙያዎቹ ቃል። ከ1990ዎቹ (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ ሌላ ካልተገለጸ በስተቀር እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው) አጋማሽ ወዲህ አራተኛ ምንጭ ተጨምሯል፤ እርሱም ባንዱ በስሙ የሚከፍተው ድረ ገጽ ነው። ይህን ምንጭ ከሌሎቹ የሚለየው አዲሱ እትም አሮጌውን እየደመሰሰ መምጣቱ ነው። በ1977 የታተመ ሸክላ ዛሬም ያው ሸክላ ነው፤ የ2007ን ድረ ገጽ ግን በአድራሻው ላይ ዛሬ የሚፈልግ ሰው ሌላ ነገር ያገኛል።

ለውጡን በግልጽ ከሚያሳዩት አንዱ የእንግሊዙ ሬዲዮሄድ ነው። ባንዱ በጥቅምት 2007 «ኢን ሬይንቦውስ» የተሰኘውን አልበም በራሱ ድረ ገጽ አማካይነት ሲያወጣ ዋጋውን አድማጩ እንዲወስን ፈቀደ፤ ገጹ ከማስታወቂያ ሰሌዳነት ወደ ሱቅነት ተሸጋገረ። በ2016 ደግሞ አዲስ አልበም ከማውጣቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ገጹን ቀስ በቀስ አደብዝዞ ባዶ አደረገው። በዚያን ጊዜ ባዶነቱ ራሱ መልእክት ነበር። በጥር 2020 የቀድሞ ሥራዎቹን በአንድ ላይ የሚያስገኝ ነጻ ቤተ መጻሕፍት በዚያው አድራሻ ከፈተ። ሰሌዳ፣ ሱቅ፣ ቤተ መዛግብት፦ ሦስቱም በአንድ አድራሻ ላይ ተፈራርቀዋል። የመጨረሻው እርምጃ ግን አቅምና የተደራጀ ስብስብ ላለው ባንድ የሚቻል መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

በኢትዮጵያ መንገዱ የተለየ ነው። ኢንተርኔት ለሕዝብ አገልግሎት የቀረበው በ1997 ሲሆን፣ የግእዝ ፊደል በዩኒኮድ ቦታ ያገኘው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት አማርኛን በገጽ ላይ ማሳየት የፈለገ ሰው ጽሑፉን እንደ ሥዕል መለጠፍ ወይም አንባቢው የተለየ ፊደል ኮምፒውተሩ ላይ እንዲጭን ማድረግ ነበረበት፤ እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ደግሞ የመፈለጊያ ማሽን አያነበውም። በዚህ ላይ የአድራሻ ስም በየጊዜው መታደስ ይኖርበታል፣ ክፍያውም አብዛኛውን ጊዜ በውጭ ምንዛሪ ነው። ያልታደሰ ስም ደግሞ ለሌላ ገዢ ክፍት ይሆናል። ብዙ ጊዜ የባንዶች ግድየለሽነት ተደርጎ የሚተረጎመው ክፍተት፣ በከፊል ከዚህ ተራ የክፍያ ጉዳይ የመነጨ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ጃኖ ባንድ በ2005 ዓ.ም. «ኤርታሌ» የተሰኘውን የመጀመሪያ አልበሙን ሲያወጣ (ፕሮዲውሰሩ አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ነበር) አድማጩ አስቀድሞ ወደ ፌስቡክና ዩቲዩብ ተሻግሯል። ባንዱ ሁለት ወንዶችና ሁለት ሴቶች ድምፃውያንን ከሮክ ጊታር ጋር አጣምሮ ስለተነሣ ለጥናት የሚጋብዝ ነው፤ ሆኖም አጥኚው የሚያገኘው ዱካ በአብዛኛው በሌላ ድርጅት ንብረት ላይ የተበተነ ነው። ስሙም ለፍለጋ አይመችም፤ «ጃኖ» ብሎ የሚጽፍ ሰው በመጀመሪያ የሚመጣለት ልብስ ሊሆን ይችላል። የሌላን ድርጅት መድረክ ማመን የሚያስከትለውን አደጋ ማይስፔስ አሳይቷል፦ ከ2003 እስከ 2015 የተጫኑ በርካታ ሙዚቃዎች በአገልጋይ ኮምፒውተሮች ዝውውር ወቅት መጥፋታቸው በ2019 ታወቀ።

ከዚህ ጋር የኃይሉ መርጊያ ታሪክ ሊነጻጸር ይገባዋል። የዋልያስ ባንድ የኪቦርድ ተጫዋች የነበረው ኃይሉ በ1985 ያወጣውን ካሴት፣ አሜሪካዊው ብራያን ሺምኮቪትዝ ባሕር ዳር ውስጥ አግኝቶ በ2013 በድጋሚ አሳተመው። ካሴቱ ድረ ገጽ አልነበረውም። ሃያ ስምንት ዓመት ያቆየው የባለቤቱ እንክብካቤ ሳይሆን ቅጂው በየቦታው መበተኑ ነው። ሽፋኑ ላይ ስም ነበር፤ ስሙን የያዘ ሰው ባለቤቱን በስልክ ፈልጎ ማግኘት ቻለ።

በአርሲ ዞን የሎዴ ሂጦሳ ወረዳ ዋና ከተማ እንደሆነችው እንደ ሁሩታ ባሉ ከተሞች፣ ሙዚቃ በስልክ ሚሞሪ ላይ ከሱቅ እየተጫነና ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ሲሰራጭ ኖሯል። ይህም እንደ ካሴቱ መበተን ነው፤ ነገር ግን ሽፋን የለውም። ፋይሉ በቁጥር ብቻ ሊጠራ፣ የጊታሪስቱም ሆነ የግጥም ደራሲው ስም ከድምፁ ተነጥሎ ሊቀር ይችላል። የባንዱ ይፋዊ ገጽ ሊሞላው የሚገባው ክፍተት ይኸው ነበር።

በ1996 የተቋቋመው ኢንተርኔት አርካይቭ የጠፉ ገጾችን ቅጂ ይዟል፤ ቢሆንም ሮቦቱ የሚይዘው በአገናኝ የሚደርስበትን ጽሑፍና ሥዕል እንጂ በአብዛኛው ከመረጃ ቋት የሚወጣውን ወይም በቀጥታ የሚፈሰውን ድምፅ አይደለም። በፍላሽ የተሠሩ ገጾች ደግሞ ድጋፉ በ2020 መጨረሻ ከተቋረጠ ወዲህ በተለመደው መቃኛ አይከፈቱም። ስለዚህ የቅጂው አለመኖር ባንዱ ገጽ እንዳልነበረው ማስረጃ ሊሆን አይችልም። የባንድ ገጽን የሚጠቅስ አጥኚ አድራሻውን ብቻ ሳይሆን ያየበትን ቀን ይመዝግብ፤ የገጹንም ምስል ያስቀምጥ፤ የተጫዋቾቹን ስም ዝርዝር ደግሞ በእጁ ይገልብጥ።