አሮጌ መኪና ስንገዛ ምን እንይ?

ፈረስ ሊገዛ ገበያ የወጣ ገበሬ የፈረሱን ቁመት ብቻ አይቶ ገንዘቡን አይቆጥርም። አፉን ከፍቶ ጥርሱን ያያል። ኮቴውን ያነሣል። ጀርባው የቆሰለ እንደሆነ በእጁ ይዳስሳል። ከዚያም ጭኖ ዳገት ላይ ይሞክረዋል። መኪናም እንዲሁ ነው። ጥርስ አለው፤ ኮቴ አለው፤ የተደበቀ ቁስልም አለው። ልዩነቱ አንድ ነው። ፈረስ ዕድሜውን በጥርሱ ይናገራል፤ መኪና ግን ዕድሜውን የሚናገረው በፊደልና በቁጥር ነው። ስለዚህ ይህ ትምህርት ማንበብ ለቻልን ሰዎች የተጻፈ ነው።

አገራችን ወንጪ ደጋ ነው። ከሐይቁ በላይ ያለው አፋፍ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። ወደ ሐይቁ የሚወርደው መንገድ ቁልቁል ነው። ክረምት ሲገባ ጭቃው እስከ ጉልበት ይደርሳል። በነሐሴ 2012 ዓ.ም. ይፋ በሆነው የገበታ ለሀገር ሥራ ወንጪ ከጎርጎራና ከኮይሻ ጋር ተመርጣለች። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች መካከል አንዷ ብሎ መዝግቧታል። እንግዳ በዛ፤ ዋናው መንገድም ተሠራ። ከዋናው መንገድ እስከ ደጃችን ያለው ጭቃ ግን ያው ጭቃ ነው። ድንቻችንን ወደ አምቦና ወደ ወሊሶ ገበያ ለማውጣት፣ ሕመምተኛም ሐኪም ቤት ለማድረስ፣ አራቱም ጎማው የሚስብ መኪና ያስፈልገናል።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። እኛም አሥራ ሁለት አባወራዎች ገንዘብ አዋጣን። ግማሹ የድንች፣ ግማሹ የፈረስ ኪራይ ገንዘብ ነበር። አንድ አሮጌ መኪና አገኘን። ቀለሙ ያበራል። ሞተሩ ሲነሣ ድምፁ ያምራል። ሻጩ ሊብሬውን አውጥቶ አነበበልን። «የ1998 ሥሪት ነው» አለን። እኛም አመንን። ከመካከላችን ማንበብ የሚችሉ ነበሩ፤ ነገር ግን ሰውን እንደ ሌባ መጠርጠር ነውር መስሏቸው ወረቀቱን አልተቀበሉም።

በነሐሴ ወር አንዲት ጎረቤታችን ምጥ ያዛት። ሌሊት ነው፤ ዝናብም ይጥላል። መኪናው ጭቃው ላይ ሲደርስ የኋላ ጎማዎቹ ይሽከረከራሉ፤ የፊቶቹ ግን ንቅንቅ አላሉም። ሾፌሩ የአራት ጎማ ማርሹን ዘንግ ደጋግሞ ሳበ፤ ዘንጉ ይገባል፤ መኪናው ግን አይወጣም። ወጣቶች ቃሬዛ ሠርተው እስከ ዋናው መንገድ ተሸከሟት። ከዚያ ሌላ መኪና ተገኝቶ አምቦ ሆስፒታል ገባች። እግዚአብሔር ይመስገን፣ እናትም ልጅም ተረፉ።

በማግሥቱ መካኒክ አመጣን። ከመኪናው ሥር ተኝቶ አየና፣ «ጎበዝ፣ የፊቱን ጎማ የሚያዞረው ብረት እኮ ተፈቶ ወጥቷል» አለን። ከዚያ ሊብሬውን ራሳችን አነበብን። የተሠራበት ዘመን 1988 ይላል። አንዲት ቁጥር ናት የተለወጠችው። እሷ ግን መኪናውን በአሥር ዓመት አስረጅታዋለች። ሻጩን ስንጠይቀው፣ «አይታችሁ ነው የገዛችሁት» አለን። እውነቱን ነው፤ አይተን ነበር። ማየት እንዳለብን ግን አላወቅንም።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነውና፣ ከዚያ ወዲህ የተማርነውን በተራ በተራ እንናገር።

አንደኛ፤ ወረቀቱን እንይ።

ሊብሬውን በእጃችን ይዘን ራሳችን እናንብብ። በሊብሬው ላይ የባለቤቱ ስም፣ የሰሌዳ ቁጥር፣ የሞተር ቁጥር፣ የሻንሲ ቁጥርና የተሠራበት ዘመን ተጽፏል። የተሠራበት ዘመን በፈረንጅ አቆጣጠር ሊሆን ስለሚችል እንጠይቅ። የሻንሲ ቁጥር ብረቱ ላይ ተቀርጿል። በብዙ ላንድክሩዘሮች ላይ በቀኝ በኩል ከፊት ጎማው አጠገብ ባለው የሻንሲ ብረት ላይ ይገኛል። ጭቃውን በጨርቅ እንጥረግ። አንድ ሰው ከብረቱ ላይ እየጠራ፣ ሌላው ከሊብሬው ላይ እያየ፣ ፊደሉንና ቁጥሩን አንድ በአንድ እናስተያይ። በብዙ መኪና ላይ ፊደሉና ቁጥሩ አንድ ላይ 17 ነው። የተፋቀ፣ የተበየደ ወይም ከመስመር የወጣ ካየን ገንዘባችንን ይዘን ወደ ቤታችን እንመለስ።

ሻጩ ባለቤቱ ካልሆነ የውክልና ወረቀቱን እንጠይቅ። መኪናው የባንክ ዕዳ ወይም እገዳ እንዳለበት ፋይሉ ካለበት የመንገድ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት እናጣራ። ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና ቀረጡ ሳይከፈል ወደ ስማችን ላይዞር ይችላል፤ ይህንንም እንጠይቅ። ውሉን ሻይ ቤት ሳይሆን ውልና ማስረጃ ፊት እንፈራረም።

ሁለተኛ፤ ሞተሩን ቀዝቃዛ ሆኖ እንይ።

ለሻጩ፣ «ሳንደርስ እንዳታስነሣው» እንበለው። ስንደርስ ሞተሩን በእጃችን እንንካ። ሞቆ ከሆነ አስቀድሞ ተነሥቷል ማለት ነው። ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሣ ሕመሙን አይደብቅም።

ኮፈኑን ከፍተን የዘይት መለኪያውን ዘንግ እንምዘዝ። ዘይቱ ወተት እንደ ተቀላቀለበት ቡና ከሆነ ውኃ ገብቶበታል። የራዲያተሩንም ክዳን እንክፈት። ነገር ግን ሞተሩ ሲሞቅ ፈጽሞ አንክፈት፤ የፈላ ውኃ ፊት ይልጣል። ውኃው ላይ ዘይት ከተንሳፈፈ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ሳይበላሽ አልቀረም። ይህ ብዙ ገንዘብ ያስወጣል።

ከዚያ ሞተሩ ይነሣ፤ ጭሱን እንይ። ሰማያዊ ጭስ ሞተሩ ዘይት እንደሚበላ ያሳያል። ጥቁር ጭስ ነዳጁ በሚገባ እንደማይቃጠል ያሳያል። ነጭ ጭስ በደጋ ብርድ ማለዳ ለጥቂት ጊዜ ቢታይ አያስደነግጥም፤ ሞተሩ ሞቆም ካልቆመ ግን ውኃ ወደ ውስጥ እየገባ ሊሆን ይችላል። በእኛ ከፍታ አየሩ ስስ ነው። ስለዚህ ማንኛውም ሞተር ከቆላው ይልቅ ኃይሉ ይቀንሳል፤ ጭሱም ይጠቁራል። አዳማ ላይ የተሞከረ መኪና ወንጪ ላይ ሊያቃስት ይችላልና ከተቻለ እዚሁ ዳገታችን ላይ እንሞክረው።

ሦስተኛ፤ ከሥሩ ተኝተን እንይ።

ነጠላችንን አንጥፈን እንተኛ፤ መቆሸሽ ከመክሰር ይሻላል። ከካምቢዮው ወደ ኋላ የሚሄድ አንድ ረጅም ብረት አለ። ወደ ፊትም የሚሄድ ሌላ ብረት ሊኖር ይገባል። ሁለቱንም በእጃችን እንንካ። እኛን ያከሰረን ይህችን አለማወቃችን ነው።

ሻንሲውን በትንሽ መዶሻ መታ መታ እናድርግ። ጤነኛ ብረት ይጮኻል፤ ዝገት የበላው ብረት ድምፁ የታፈነ ነው። ባሌስትራው በሚታሰርበት ቦታ ስንጥቅና አዲስ ብየዳ እንፈልግ። ከሥሩ ብቻ አዲስ ቀለም የተቀባ ካየን፣ «ምን ሊሸፍን ነው?» ብለን እንጠይቅ። ከብዙ አሮጌ ላንድክሩዘሮች የፊት ጎማ ጀርባ እንደ ኳስ የከበበ ብረት አለ። ከዚያ ላይ ግራሶና ዘይት ተቀላቅሎ የሚፈስ ከሆነ የውስጡ ማሸጊያ አልቋል።

አራተኛ፤ አራቱንም ጎማ እናሠራ።

በአንዳንድ መኪኖች የፊት ጎማዎች መሐል ላይ በእጅ የሚዞር ነገር አለ። በፈረንጅ ፊደል «ሎክ» እና «ፍሪ» ተብሎ ተጽፎበታል። «ሎክ» ማለት ተቆልፏል፣ ጎማው ይስባል ማለት ነው። «ፍሪ» ማለት ተለቋል ማለት ነው። ሁለቱንም ጎማ «ሎክ» ላይ እናድርግ። ከዚያ መኪናውን ጭቃ ወይም ልቅ አፈር ላይ አውጥተን ማርሹን እናስገባ። አንድ ሰው ውጭ ራቅ ብሎ ከጎን ይቁም፤ የፊት ጎማዎቹ አፈሩን እየቧጠጡ መሳባቸውን ይመልከት። ለዳገት የተሠራውንም ከባዱን ማርሽ እንሞክር። ይህ ሙከራ በደረቅ አስፋልት ላይ አይደረግም፤ እንዲህ ዓይነቱን መኪና ማርሹን ይጎዳዋል።

ቁልቁለት ላይ ፍሬኑን፣ ዳገት ላይ የእጅ ፍሬኑን እንሞክር። መሪው ወደ አንድ ወገን ይስባል ወይ? ማርሽ ሲገባ ይጮኻል ወይ? ሬዲዮውን አጥፍተን እናዳምጥ።

አምስተኛ፤ ጎማውን እናንብብ።

ጎማ ላይ አራት ቁጥር ተጽፏል። ለምሳሌ 2419 ቢል፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ይነግሩናል። በፈረንጅ 2019 ዓመት፣ በ24ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው፤ በእኛ ሰኔ 2011 ዓ.ም. ይሆናል። ጥርሱ ያላለቀ ጎማ እንኳ ካረጀ ይሰነጠቃል። በአንድ ወገን ብቻ የተበላ ጎማ ደግሞ የእግሩን ማጋደል ያሳብቃል። ስኮርታውንና ክሪኩንም እንቁጠር።

በመጨረሻም፣ ያለንን ገንዘብ ሁሉ ለሻጩ አንስጥ። ከአምስት እጅ አንዱን ለጥገና እናስቀር። አሮጌ መኪና ተገዝቶ ሳይውል ሳያድር አንድ ነገር መጠየቁ አይቀርም። የምናምነው መካኒክ ይዘን እንሂድ። መካኒኩ ሻጩ ያመጣው ሰው መሆን የለበትም። «ዛሬ ካልገዛችሁ ነገ አታገኙትም» ለሚል ሰው መልሱ፣ «እንግዲያውስ ሌላ እንፈልጋለን» ነው።

እኛ የፊቱን ብረት በሁለተኛ መዋጮ ገዝተን አስገጠምነው። አሁን መኪናው ጭቃውን ይወጣል። የዚያች እናት ልጅም አድጎ ፊደል ቆጥሯል፤ የመኪናውን ሰሌዳ እያነበበ ይጫወታል። ሰውን ማመን መልካም ነው፤ ወረቀቱን ተቀብሎ ራስን ማንበብ ግን ነውር አይደለም። ለአሥራ ሁለት ቤት ገንዘብ አደራ ያለበት ሰው ግዴታው ነው።

ጥያቄዎች

1. የፈረስ ዕድሜ በምን ይታወቃል? የመኪናስ?
2. ቀዝቃዛ ሞተር ማየት ለምን ይጠቅማል?
3. ጎማ ላይ 1020 ተብሎ ቢጻፍ ምን ማለት ነው?
4. ከመኪናው ሥር ተኝተን መጀመሪያ የምንፈልገው ምንድን ነው?
5. የአንድ ጎረቤት መኪና ሊብሬ ተውሳችሁ የሻንሲውን ቁጥር ከብረቱ ጋር አስተያዩ።