«ኪስታ» ተጽፎ «ሺስታ» የሚነበበው ለምንድን ነው?

ምላስ ሲቸኩል

በስቶክሆልም የምድር ውስጥ ባቡር (ቱነልባና) ሰማያዊ መስመር ላይ «ኪስታ» ተብሎ የተጻፈ ጣቢያ አለ፤ ድምፅ ማጉያው ግን «ሺስታ» ይላል። በስዊድንኛ ክ ከኢ፣ ከኤና ከመሰሎቻቸው በፊት ሲመጣ ብዙ ጊዜ መልኩን ይቀይራል። ክ የሚፈጠረው ከኋላ፣ ትናጋ ላይ ነው። እነዚህ አናባቢዎች ደግሞ ምላስን ወደ ፊት፣ ወደ ላንቃ ያስጠጋሉ። ስለዚህ ምላስ አስቀድሞ ይንሸራተትና ሽ የሚመስል ድምፅ ይወጣል። ግም እንዲሁ ነው፤ «ጋምላ ስታን» ላይ እንዳለ ይቀመጣል፣ «ጌርዴት» የሚለው ጣቢያ ግን በ«የ» ይጀምራል። (ሕጉን ያመለጡም አሉ፤ ጎረምሳውን «ኪለ» እንጂ «ሺለ» የሚለው የለም።)

ሂድ፣ ሂጂ

አማርኛም ይህን ያውቃል፤ የሚነሣው ግን ከሌላኛው ጫፍ ነው። «ሂድ» ለሴት «ሂጂ» ይሆናል፤ «ክፈት» «ክፈቺ»፣ «ያዝ» «ያዢ»፣ «ድረስ» «ድረሺ»፣ «ለምን» «ለምኚ»። ድ፣ ት፣ ዝ፣ ስና ን ምላስ ወደ ድድ ተጠግቶ የሚፈጥራቸው ናቸው፤ የአንቺ መደብ ኢ ወደ ኋላ ይስባቸዋል። ስዊድንኛ ከትናጋ ወደ ፊት፣ አማርኛ ከድድ ወደ ኋላ ሄደው ላንቃ ላይ ይገናኛሉ። የእኛ ክና ቅ ግን ንቅንቅ አይሉም፦ «ስበኪ»፣ «ጠብቂ»።

እዚህ ስዊድን ያደገ ልጅ እህቱን «በሩን ክፈቲ» ቢላት አትቆጡት። በስዊድንኛ ት ከኢ በፊት አይለወጥም፤ ጊዜ «ቲድ» ነው። አማርኛም ቢሆን ኢ ባየ ቁጥር አይለውጥም፤ «እናቲቱ» እንጂ «እናቺቱ» አንልም። ስለዚህ ልጁ ሊይዘው የሚገባው የአንቺን መደብ ነው።

ፋርስታ

ስቶክሆልሞች ር ከስ፣ ከት፣ ከድ፣ ከን ወይም ከል በፊት ሲመጣ ሁለቱን ያዋህዳሉ፦ ር ይዋጣል፣ ተከታዩም የምላስ ጫፍ ወደ ኋላ ሸሸት ብሎ ይነገራል። «ፋርስታ» የተባለው የሰፈር ስም «ፋሽታ» ወደ ማለት ይቀርባል። ቃል ከቃልም ያሻግራል፤ ባለሱቁ ዕቃ ሲያቀብላችሁ «ቫር ሶ ጉድ» ያለው «ቫሾጉ» ሆኖ ይሰማችኋል። ደቡብ ስዊድን ማልሞ ብትወርዱ ር ከጉሮሮ ስለሚነገር ይህ ለውጥ የለም።

ን

«ወንበር» ጽፈን «ወምበር»፣ «አንበሳ» ጽፈን «አምበሳ» እንላለን፤ የከንፈሩ ብ ን ወደ ከንፈር ይስበዋል። ስዊድኖችም ሲፈጥኑ «ኤን ቢል» (አንድ መኪና) «ኤም ቢል» ይሆንባቸዋል። ከክ በፊት ደግሞ ን ወደ ትናጋ ይሸሻል። «ማንኪያ» ብላችሁ ን ላይ ቁሙ፤ የምላስ ጫፍ ድድ አይነካም። «ሪንከቢ» የሚለውን የሰፈር ስም በሉና እንደገና ሞክሩት።