ሳያመው ውሰዱት

ብዙዎቻችን ልጅ ይዘን ጥርስ ሐኪም ዘንድ የምንሮጠው ጉንጩ አብጦ ሲያለቅስ ካደረ በኋላ ነው። እንዲህ የሄደ ልጅ የሐኪሙን ወንበርና ሕመሙን ለይቶ አያይም። የመጀመሪያው ጥርስ ብቅ ካለ በ6 ወር ውስጥ፣ ቢዘገይ ቢዘገይ ዓመት ሲሞላው ይሂድ። ዕድሜው ካለፈም አሁን ውሰዱት። «የወተት ጥርስ መውለቁ አይቀር» የሚል አይጠፋም፤ የኋላ የወተት መንጋጋዎች ግን እስከ 10 እና 12 ዓመት ያገለግላሉ።

1. ማስፈራሪያውን ተዉ። «ካስቸገርሽ ሐኪሙ ይወጋሻል» ስትባል የከረመች ልጅ ሐኪሙን ስታይ ምን ታድርግ? ማባበሉም ይከፋል። እኔ ልጄን «አይዞሽ፣ መርፌ የለም» ብዬ ይዣት ወጣሁ፤ መንገዱን ሙሉ ስለ መርፌ ስትጠይቀኝ ደረስን። «ጥርስሽን ይቆጥርልሻል» በቂ ነበር።

2. ከቀናት በፊት ጭናችሁ ላይ አንጋላችሁ ጥርሱን በጣታችሁ ቁጠሩለት። ቀጥሎ እሱ የእናንተን ይቁጠር።

3. ቀጠሮው ጠዋት ይሁን። የተራበ ወይም እንቅልፉ የመጣ ልጅ ተራ አይጠብቅም።

4. ትንሽ ልጅ ብቻውን ወንበር ላይ አይቀመጥም። እናንተና ሐኪሙ ጉልበት ለጉልበት ገጥማችሁ ትቀመጣላችሁ፤ ልጁ ፊቱን ወደ እናንተ አዙሮ ያቅፋችሁና ጭንቅላቱን ሐኪሙ ጭን ላይ ታስተኙታላችሁ። እጆቹን ያዙለት። ቢያለቅስ አትፈሩ፤ የሚያለቅስ ልጅ አፉ ክፍት ነው።

5. ያላችሁን ጥያቄ አታስቀሩ። ጡጦ ይዞ የሚተኛ ከሆነ ሳታፍሩ ተናገሩ፤ ሌሊቱን አፍ ውስጥ የሚያድር ወተት ጥርስ ይበላል። የምትጠጡት የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ከሆነም ለሐኪሙ ንገሩት፤ ፍሎራይድ የበዛበት ውሃ ጥርስ ያበልዛል፣ የጥርስ ሳሙናውን ያንን አይቶ ያዝላችኋል። በተለመደው ሁኔታ ከ3 ዓመት በታች የሩዝ ፍሬ ታክል፣ ከዚያ እስከ 6 ዓመት የአተር ፍሬ ታክል ይበቃል። ልጁ ሲያተኩሰው ወይም ሲያስቀምጠው «ግግ ነው» ብሎ ድዱን የሚቧጥጥ ሰው ዘንድ ግን በፍጹም አትሂዱ። ግግ የሚሉት ድድ ውስጥ ያለው ነጭ ነገር ሊበቅል ያለ ጥርስ ነው፤ ቧጥጠው ሲያወጡት ቁስሉ ያመረቅዛል፣ ከሥሩ ያለውም ቋሚ ጥርስ ይበላሻል።

6. ሲወጣ በከረሜላ አትሸልሙት። የእኔዋን ሐኪሟ ጓንት ነፍታ አምስት ጣት ያለው ፊኛ ሰጠቻት፤ ታክሲ ውስጥ ለተሳፋሪው ሁሉ እያስጨበጠች ቤት ገባን።