ጤፍ እየበላሁ ብረት ለምን አነሰኝ?

ጥያቄ፦ በየቀኑ የጤፍ እንጀራ እበላለሁ። ሐኪሜ ግን የብረት እጥረት አለብሽ አለችኝ። እንዴት ይሆናል?

መልስ፦ ብረት ሳህንዎ ላይ መኖሩና ደምዎ ውስጥ መግባቱ ለየቅል ነው። ጤፍ ውስጥ ያለው ፋይቴት የተባለ ውህድ ብረቱን አጥብቆ ይይዘዋል። ሊጡ በእርሾ በደንብ ሲቦካ ፋይቴቱ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ሁለት ሦስት ቀን የቦካው በችኮላ ከተጋገረው ይሻላል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ከምግብ ጋር የሚጠጣው ቡናና ሻይ ነው፤ ብረቱ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ክፉኛ ያግዱታል። ቡናውንና ሻዩን ከምግቡ ቢያንስ አንድ ሰዓት ያቆዩት። ቃሪያ፣ ሎሚ ወይም ብርቱካን አብረው ይብሉ፤ ቫይታሚን ሲ ብረቱን ያስገባል። የታዘዘልዎትን እንክብል ግን በምግብ አይተኩ፤ የወር አበባዎ የሚበዛ ከሆነ ለሐኪምዎ ይንገሩ፣ የአንጀት ትላትልም ይመርመሩ።