ቅርቡ ውጭ አገር፣ ሩቁ አገር ቤት

ወጣቷ፦ አባባ፣ የመተማ ባልና ሚስት ዕረፍት አግኝተው ልንነሣ ቢሉ የሚቀላቸው የቱ ነው? ውጭ አገር መሄድ ወይስ አገር ቤት ዘመድ መጠየቅ?

አዛውንቱ፦ በእግር ከሆነ ውጭ አገሩ ይቀርባል፣ ልጄ። መተማ ዮሐንስን ከገላባት የምትለያት አንዲት ትንሽ ወንዝ ናት፤ በበጋ ውኃ እንኳ የላትም። ድልድዩን የተሻገረ ሱዳን ገባ ማለት ነው። አገር ቤት ግን ዳገት ነው። መተማ ከባሕር ወለል በላይ 700 ሜትር አካባቢ ላይ ተኝታለች፤ ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። በመካከላቸው 200 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ አለ፤ ከድንበሩ ተነሥቶ በገንዳ ውኃ፣ በነጋዴ ባሕርና በአይከል አድርጎ አዘዞ ይወጣል። ከመተማ ሸሚዙን ከፍቶ የተነሣ ሰው አይከል ሲደርስ ጋቢ ያምረዋል።

ወጣቷ፦ አገር ቤት የሚባለው ለምን ደጋው ብቻ ይሆናል? እዚሁ ቆላ ተወልዶ ያደገስ?

አዛውንቱ፦ አለ እንጂ። ጉሙዙ ከጥንት ጀምሮ ቆላው አገሩ ነው፤ አገር ቤቱን ፍለጋ ዳገት አይወጣም። የቀረው አብዛኛው ግን የመጣ ነው። አንዱ ሰሊጥ ሊያጭድ ወርዶ፣ ዘንድሮ ልግባ ከርሞ ልግባ ሲል የቀረ ነው። እንዲህ ቆላውን ለምዶ ከእርሻ እርሻ የሚዞረውን የቀን ሠራተኛ ሳሉግ ይሉታል። አንዱ ነጋዴ ነው፤ አንዱ ተመድቦ የመጣ አስተማሪ ወይም የጤና ባለሙያ። በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው የሰፈራ ፕሮግራም ከምሥራቁ የአማራ ክልል ተነሥተው መተማና ቋራ የሰፈሩም አሉ። ሃያ ዓመት ቆላ የኖረ ሰው አገርህ የት ነው ቢሉት መተማ አይልም። ደምቢያ ይላል፣ ጋይንት ይላል፣ በለሳ ይላል። ልጆቹ ግን እዚሁ ስለተወለዱ በጥያቄው ይደናገራሉ።

ወጣቷ፦ ድንበሩስ ከጥንትም እዚሁ ነበር?

አዛውንቱ፦ በወረቀት የሰፈረው በግንቦት 1894 ዓ.ም. ነው፤ አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል። ከዚያ በፊት ቦታው መስመር ሳይሆን ገበያ ነበር። ከዳርፉርና ከዚያም ወዲያ መካን ሊሳለሙ የተነሡ ተክሩር የሚባሉ ሙስሊሞች እግረ መንገዳቸውን እዚህ ሰፍረው ገበያውን ለረጅም ጊዜ ይዘውት ነበር። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1764 ዓ.ም. ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ስናር ሲወርድ ያለፈው ያን ጊዜ ራስ ኤል ፊል ይባል በነበረው በዚሁ አገር ነው። ባልና ሚስት መንገደኛ ከተባለም ቀደምቶቹ እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከርና ፍሎረንስ ሳይሆኑ አይቀሩም። በ1854 ዓ.ም. የአትባራንና የሰቲትን ወንዞች ተከትለው ገላባት ደረሱ፤ ከዚያም ወደ ካርቱም ወረዱ። ባልና ሚስት ይባሉ እንጂ በሕግ የተጋቡት ከሦስት ዓመት በኋላ እንግሊዝ ሲመለሱ ነው። የጎንደር ሽማግሌ ቢያገኛቸው ኖሮ መጀመሪያ የሚጠይቃቸው ይህንኑ ነበር።

ወጣቷ፦ የመተማ ሰውስ ለሽርሽር ሱዳን ይሻገር ነበር?

አዛውንቱ፦ ለጉዳይ እንጂ ለሽርሽር ብዙም አይደለም። ዕቃ ለመግዛት፣ ሰሊጥ ለመሸጥ፣ ገዳሪፍ ሐኪም ቤት ለመታከም፣ እዚያ የሚሠራ ዘመድ ለመጠየቅ ይሻገራል። ገዳሪፍ ከገላባት 150 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከጎንደር ይልቅ ገዳሪፍ የሚቀርበው የመተማ ሰው አለ። ለሽርሽር የሚሻገረውማ ሱዳናዊው ነበር። የካርቱም ሙቀት ሲበረታ፣ ለዒድ ወይም ለጫጉላ፣ ባልና ሚስቱ በአውቶቡስ መተማ ገብተው ጎንደርና ባሕር ዳር ይከርሙ ነበር። ቀዝቃዛ አየር፣ የጣና ዓሣ፣ በልጅነታቸው በሬዲዮ የሰሙት የእነ ጥላሁን ገሠሠ ዘፈን ይጠብቃቸዋል። የሆቴል ባለቤቶች ዐረብኛ የተማሩት ለዚህ ነው።

ወጣቷ፦ አሁንስ?

አዛውንቱ፦ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነቱ ሲነሣ ያ ሁሉ ቀረ። በዚያው ድልድይ ላይ ሻንጣ ይዞ የሚመጣው ሰው ስደተኛ ሆነ፤ ሱዳናዊው፣ የሌላ አገር ዜጋውና ካርቱም ሃያ ዓመት ሠርቶ ንብረቱን ጥሎ የተመለሰው ኢትዮጵያዊ አብረው ተሰለፉ። ከጥቂት ዓመት በፊት ጎንደር ለጫጉላ የወጡ ሱዳናውያን ይህን ጊዜ ልጆቻቸውን አዝለው በዚያው መንገድ መጡ። በምዕራብ ጎንደር ኩመርና አውላላ የስደተኛ መጠለያዎች ተከፈቱ። ከዚህኛውም ወገን ከሐምሌ 2015 ወዲህ በአማራ ክልል ግጭት ስላለ፣ መኪና ከመሳፈር በፊት መንገዱ ሰላም ነው ወይ ብሎ ከአንድ ሰው በላይ መጠየቅ ወግ ሆኗል። የሹፌር ወሬ ከሁሉ ይታመናል፤ ትናንት ያለፈበት እሱ ነውና።

ወጣቷ፦ እንዲህ ከሆነ ዕረፍት ማለት አገር ቤት ማለት ነው። መቼ ነው የሚኬደው?

አዛውንቱ፦ ቀኑን የሚቆርጠው ሰሊጥ ነው። ሰኔና ሐምሌ ይዘራል፤ ከመስከረም ማብቂያ እስከ ኅዳር ይታጨዳል። በእነዚህ ወራት ከቆላው የሚወጣ ባለ እርሻ የለም፤ ይልቁንም ደጋው ወደ ቆላ ይወርዳል። የታጨደው ነዶ ቆሞ ይደርቅና ይራገፋል፤ ገበያው ታይቶ ሲሸጥ ታኅሣሥ ያልቃል። ገንዘብ ኪስ የሚገባው ያኔ ነው። ደጋው ደግሞ ለጥር ተዘጋጅቷል፤ ጥምቀት አለ፣ ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም ድረስም ሠርግ ነው። ጎንደር ላይ ጥር 11 ቀን ከአፄ ፋሲለደስ መዋኛ ዳር የሚቆመው ሕዝብ ውስጥ የቆላ ሰው ጥቂት አይደለም። በዓሉ በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ ከተመዘገበ ወዲህ የውጭ አገሩም ሰው ይበልጥ ይመጣበታል።

ወጣቷ፦ ደመወዝተኛውስ?

አዛውንቱ፦ የደመወዝተኛው ቀን አጭር ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሚተዳደረው በመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ አለ፤ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመርበታል። ለጋብቻ ሦስት የሥራ ቀን ይሰጣል። ከ16ቱ ሁለቱን መንገድ ይበላቸዋል፤ የቀረው ለሁለት ወገን ይከፈላል። ባልና ሚስቱ በተለያየ መሥሪያ ቤት ከሆኑ ፈቃዳቸው አንድ ላይ እንዲወጣ ከኅዳር ጀምሮ ማመልከት ያስፈልጋል፤ ጥርን ሁሉም ይፈልጋታል።

ወጣቷ፦ የማን ቤት ይቀድማል? የባል ወይስ የሚስት?

አዛውንቱ፦ ቤት ያፈርስ የነበረ ጥያቄ ነው። ለአዲስ ሙሽሮች ወጉ ራሱ መልሶታል፤ ከሠርጉ ቀጥሎ መልስ አለ፣ የመጀመሪያው ጥየቃ በሚስት ወላጆች ቤት ይሆናል። ከዚያ በኋላ ግን ሕግ የለውም፤ ዘንድሮ በእሱ ከጀመሩ ከርሞ በእሷ ይጀመራል። ከሁለቱም በፊት የሚቀድም አንድ ቤት አለ፤ ሐዘን ያለበት ቤት። ዓመቱን ሙሉ የሞተውን ሰው ቆላ ያለው በስልክ ሰምቷል፣ አልደረሰም። ስለዚህ መንደር እንደገባ ሻንጣውን አስቀምጦ ለቅሶ ይደርሳል። ጎረቤቱ ሞቶ ለቅሶ ሳይደርስ በሠርግ ቤት የታየ ሰው ስሙ ለብዙ ዓመት ይነሣል።

ወጣቷ፦ ለቅሶ ቤት ሲዞሩ መክረም ዕረፍት ይባላል?

አዛውንቱ፦ አይባልም። ጥየቃ ነው የሚባለው፤ ዕረፍት የሚለው ቃል ከቢሮ የመጣ ነው። ጥየቃ ሥራ አለው። የአባት ጣሪያ ያፈስሳል፣ ቆርቆሮ ይገዛል። የእናት ዓይን ደክሟል፣ ጎንደር ወስዶ ማሳየት ይጠይቃል። ወንድም ከወንድም በድንበር ተጣልቶ ከሆነ እስኪ አንተ ካለህ እንታረቅ ተብሎ ሽማግሌ የሚቀመጠው በዚያው ሳምንት ነው። ሰው የሚያርፈው ገንዳ ውኃ ተመልሶ አልጋው ላይ ሲወድቅ ነው።

ወጣቷ፦ ምን ይዞ ይኬዳል?

አዛውንቱ፦ ቆላ ያለው። ሰሊጥ፣ ዕጣን፣ ቡናና ስኳር፤ ድንበሩ ክፍት በሆነ ጊዜ ለእናት የሱዳን ቶብና ሽቶ። ለዕጣኑ መራቅ አያስፈልግም፤ ዛፉ በመተማና በቋራ ጫካ ይበቅላል፣ ሙጫውም በበጋ ይለቀማል። ከባዱ ነገር መመዘኑ ነው። ለባል እናት ሁለት ኪሎ ስኳር ለሚስት እናት አንድ ኪሎ ከሆነ ወሬው ከስጦታው ቀድሞ ይደርሳል። ብልህ ባልና ሚስት አንድ ዓይነት ዕቃ በሁለት ጥቅል ያሲዛሉ፤ ለባል ወገን ሚስት ትሰጣለች፣ ለሚስት ወገን ባል ይሰጣል። ከገንዘቡ የመመለሻውን ለይቶ መቋጠር ያስፈልጋል፤ ከሰሊጥ ማግስት የመጣ ዘመድ ሀብታም ይመስላል፣ ብድር ጠያቂውም ይበዛበታል።

ወጣቷ፦ ከዐረብ አገር ወይም ከአሜሪካ ለሚመጡ የመተማ ልጆችስ ነገሩ እንዲሁ ነው?

አዛውንቱ፦ ለእነሱ ይገለበጣል። በቤት ሠራተኛነት ዐረብ አገር የሄደች ልጅ ውሏ ብዙ ጊዜ የሁለት ዓመት ስለሆነ ዕረፍቷም ያኔ ነው፤ ባሏ እዚህ ከሆነ ሁለት ዓመት ሙሉ ባልና ሚስትነታቸው በስልክ ነው። የውጭ ዜግነት የያዘው ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የሚሰጠው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ሕዝቡ ቢጫ ካርድ የሚለው፣ ካለው ያለ ቪዛ ይገባል። ለ2014 የገና በዓል አንድ ሚሊዮን ወገን ወደ አገሩ ይግባ ተብሎ ከመንግሥት ጥሪ የቀረበ ጊዜ የመጡም ነበሩ። የሚያርፉት ግን አዘዞ ነው፤ የጎንደሩ የአፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ የመተማ መንገድ መነሻ ላይ ይገኛል። ልጆቹ ከወዲያ ማዶ ሲመጡ ወላጆች ከቆላ ዳገቱን ይወጣሉ፤ ጎንደር ቤት ተከራይቶ ሳምንት አብሮ መክረም እየተለመደ ነው። ጠያቂው ተጠያቂውን አስነሣው ማለት ነው። ለሽማግሌ ወላጆች ይህ ድካም ነው፤ ሙቀቱን ላልለመዱ የልጅ ልጆች ግን ይሻላል። በመጋቢትና በሚያዝያ መተማ ላይ ሙቀቱ 40 ዲግሪን ይዘላል።

ወጣቷ፦ ሙቀት ብቻ ነው የሚያስፈራው?

አዛውንቱ፦ በሽታውም ነው። ወባ ከክረምት ማግስት ይበረታል፤ ደጋ የኖረ ሰው ሰውነቱ ስለማያውቀው ክፉኛ ይጥለዋል። እንግዳ ያለ አጎበር ማስተኛት እንግዳን መግደል ነው። ሌላው ካላዛር ነው። የሚያስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በተሰነጠቀ ጥቁር አፈርና በዛፍ ሥር ይራባል፤ በሽታውም በጥቂት ቀን አይታይም። ለዚህ ነው ከጥየቃ ጋር የሚነሣው። በ1997 ዓ.ም. ሊቦ ከምከም ላይ ብዙ ሰው የጨረሰው ወረርሽኝ ቆላ ሰሊጥ አጭደው በተመለሱ ሠራተኞች ሳይገባ እንዳልቀረ ይገመታል። ደጋው በሽታውን ስላላወቀው መጀመሪያ ወባ መሰለው። ቆላ ሠርቶ አገር ቤት የገባ ሰው ትኩሳቱ ሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ሆዱ በግራ በኩል ካበጠና ሰውነቱ ከከሳ፣ ጠበልም መድኃኒትም ቢሞክር ከመተማ መምጣቱን ለሐኪም መንገር አለበት። ሐኪሙ ካልተነገረው አይጠረጥርም።

ወጣቷ፦ መመለሻውስ መቼ ነው?

አዛውንቱ፦ ባለ እርሻው ለምንጣሮ ይደርሳል፤ ከዝናቡ በፊት መሬቱ መጽዳት አለበት። ሲወርድ ባዶውን አይወርድም፤ ጤፍ፣ በርበሬ፣ ቅቤ፣ ጌሾ ይጫንለታል፣ ቆላው ማሽላ እንጂ ይህ የለውም። ቅቤው በመንገድ እንዳይቀልጥ በሌሊት መነሣት ይሻላል፤ አይከልን አልፎ ቁልቁል ሲሉ ሙቀቱ ይቀበላል። ገንዳ ውኃ ላይ ዕቃው ከመኪናው ጣሪያ ሲወርድ ጎረቤት ይሰበሰባል፤ እንኳን በሰላም ገባችሁ ይላል፣ ቡናው ሳይፈላም መጠየቅ ይጀምራል። ጤፍ ስንት ገባ፣ በልግ ጣለ ወይ፣ ከእኛ መንደር ያገኛችሁት ሰው አለ ወይ እያለ። ዘንድሮ መውጣት ያልቻለው ሁሉ አገር ቤቱን የሚጠይቀው በእነሱ በኩል ነው።