በቡሬ ከፍታ ላይ የሚቆም የጋዝ ማጠቢያ ማማ

ጥያቄ፦ ቡሬ ከተማ ላይ ከፋብሪካ ፍሳሽ የሚወጣውን የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ያለው ጋዝ የሚያጥብ ማማ እንዴት ይነደፋል?

መልስ፦ ሽታው የሃይድሮጂን ሰልፋይድ ነው፤ ፍሳሽ ኦክስጅን ባጣ ገንዳ ውስጥ ሲብላላ ይፈጠራል። ጋዙ ሲበዛ የማሽተት ስሜትን ስለሚያደነዝዝ፣ ሽታው ጠፋ ተብሎ ወደ ገንዳው መግባት ሕይወት ያስከፍላል።

በማማው ጋዙ ከታች ወደ ላይ፣ የኮስቲክ ሶዳ ሙሙት ከላይ ወደ ታች ይጓዛሉ፤ በመካከል ያለው የፕላስቲክ ሙሌት የሚገናኙበትን ገጽ ያሰፋል። ንጹህ ውሃ ይህን ጋዝ በጥቂቱ ብቻ ስለሚያሟሟ ብቻውን አይበቃም።

የማማውን ስፋት የሚወስነው የጋዙ መጠን ነው። እዚህ ላይ የባሕር ወለል ሠንጠረዦችን እንዳለ መገልበጥ ያሳስታል። ቡሬ 2,100 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየር ግፊቷ 78 ኪሎፓስካል ገደማ ነው፤ ያው ክብደት ያለው ጋዝ 30 በመቶ ያህል የበለጠ ቦታ ይይዛል። ቀላል ጋዝ ፈሳሹን ወደ ላይ ሳይገፋ ፈጠን ብሎ ማለፍ ስለሚችል ግን የማማው ወለል ስፋት የሚጨምረው 14 በመቶ ገደማ ብቻ ነው።

ቁመቱ በማጣሪያው ግብ ይወሰናል። 99 በመቶ ለማስወገድ 4.6 የማስተላለፊያ ክፍሎች (ጋዙ ወደ ፈሳሹ የሚተላለፍበት የስሌት መለኪያ) ያስፈልጋሉ፤ የአንዱ ቁመት 0.6 ሜትር ቢሆን ሙሌቱ 2.8 ሜትር ይሆናል፤ በዚያ ላይ መጠባበቂያ ይጨመራል።

ለ1 ኪሎ ጋዝ ቢያንስ 1.2 ኪሎ ኮስቲክ ሶዳ ይጠፋል። ካርቦን ዳይኦክሳይድም ስለሚሻማው ፍጆታው ከዚህ ይበልጣል። ያገለገለው ሙሙት ከአሲድ ጋር ከተገናኘ ጋዙን መልሶ ስለሚለቅ ወደ ወንዝ ወይም ወደ አሲዳማ ፍሳሽ ፈጽሞ መደፋት የለበትም።