የፑዌራሪያ ዘር ሲገዛ ሊታወቅ የሚገባው

በማሌዢያና በኢንዶኔዢያ የጎማ ዛፍና የዘይት ፓልም እጅግ ሰፊ መሬት ይዘው ይገኛሉ። ወደ አገራችን የሚገባውም የፓልም ዘይት በብዛት የሚመጣው ከእነዚሁ ሁለት አገሮች ነው። በወጣቶቹ ዛፎች መካከል መሬቱን እንደ ምንጣፍ ሸፍኖ የሚታየው አንዱ ሐረግ ፑዌራሪያ ይባላል፤ ወገኑም ከባቄላና ከአተር ነው። የዛሬው ትምህርታችን ስለዚህ ሐረግ ዘር ንግድ ሲሆን፣ ዋና ቁም ነገሩ ዘር በኪሎ የሚሸጥ ዕቃ ቢሆንም ዋጋው የሚገመተው በውስጡ ባለው ሕይወት መሆኑን ማስረዳት ነው።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በማላያ የነበሩት የጎማ ተካዮች በዛፎቹ መካከል አንዳች ሣር እንዳይበቅል እያሉ መሬቱን ራቁቱን ያስቀሩት ነበር። ኃይለኛው ዝናብ ግን ለሙን አፈር ከተዳፋቱ ላይ ጠርጎ ወሰደው። አፈር አልባሽ ሐረግን መዝራት የተስፋፋው ከዚህ ጉዳት በኋላ ነው። ሐረጉ በቅጠሉ የዝናቡን ምት ያበርዳል፤ አረምንም አፍኖ ያስቀራል። ከዚህም በቀር በሥሩ እንቡጦች ውስጥ የሚኖሩት ረቂቃን ሕዋሳት ናይትሮጅንን ከአየር ይስባሉ። በማሌዢያ የፓልም እርሻ በተደረገ ምርመራ አልባሽ ሐረጎች በአንድ ሄክታር በዓመት 150 ኪሎ ግራም ያህል ናይትሮጅን መስጠታቸው ተመዝግቧል። ይህም በ3 ኩንታል ዩሪያ ውስጥ ካለው ይበልጣል።

ተካዮች ብዙውን ጊዜ የሚዘሩት ፑዌራሪያን ብቻውን ሳይሆን ከካሎፖጎኒየምና ከሴንትሮሴማ ጋር ቀላቅለው ነው። ካሎፖጎኒየም ፈጥኖ መሬቱን ያለብሳል፤ ዕድሜው ግን አጭር ነው። ፑዌራሪያ በመጀመሪያ ዘግየት ይልና በኋላ ሜዳውን ይይዛል። ሴንትሮሴማ ደግሞ ጥላንና ድርቅን ይችላል። እንግዲህ ሻጭ ርካሹን አብዝቶ ውዱን ቢያሳንስ ጉድለቱ የሚታወቀው ወዲያው ሳይሆን፣ ፈጥኖ የበቀለው ሲከስምና መሬቱ እንደገና ሲራቆት ነው። ያን ጊዜ ገንዘብ ቢመለስም የታጠበው አፈር አይመለስም።

ስለዚህ ገዢ የሆነ ሰው ሁለት ቁጥሮችን አስቀድሞ መጠየቅ ይገባዋል። አንደኛው ንጽሕና ነው፤ ይኸውም በከረጢቱ ውስጥ ካለው ክብደት ምን ያህሉ የታዘዘው ዘር እንደ ሆነ ያመለክታል። ሁለተኛው የመብቀል ኃይል ነው። ሁለቱን ማባዛት በሕይወት ያለውን ንጹሕ ዘር ያስገኛል። ለምሳሌ አንዱ ነጋዴ ንጽሕናው ከመቶ 95፣ የመብቀል ኃይሉ ከመቶ 80 የሆነውን ዘር ኪሎውን በ100 ብር ቢያቀርብ፣ ሕያው ዘሩ ከመቶ 76 ነው። ሌላው ንጽሕናው 80፣ የመብቀል ኃይሉ 50 የሆነውን በ80 ብር ቢያቀርብ፣ ሕያው ዘሩ ከመቶ 40 ብቻ ነው። በዚህ ሒሳብ አንድ ኪሎ ሕያው ዘር ከመጀመሪያው ነጋዴ 132 ብር ገደማ ሲያወጣ፣ ከሁለተኛው ግን 200 ብር ያወጣል። ርካሽ መስሎ የታየው ውድ ሆነ ማለት ነው።

በዚህ ላይ የፑዌራሪያ ዘር ልባሱ ጠንካራ ስለ ሆነ፣ ሕይወት እያለው ውኃ ሳይስብ ብዙ ጊዜ ሊቆይ ይችላል። ይህን የመሰለው ዘር በምርመራው ወረቀት ላይ «ጠንካራ ዘር» ተብሎ ለብቻው ይቈጠራል፤ ከሞተው ዘር ጋር መደባለቅ የለበትም። ተካዮች በሙቅ ውኃ ነክረው ወይም በአሲድ አክመው ልባሱን ያላሉታል። ነጋዴውም ይህን ለደንበኛው ሳይነግር ቢሸጥ፣ ደኅናው ዘር እንደ መጥፎ ተቈጥሮ ስሙ ይጐድፋል።

ስምም ራሱን የቻለ ጥንቃቄ ይሻል። ይህ ሐረግ በገበያ «የሐሩር ኩድዙ» ሲባል፣ «ኩድዙ» ብቻ የሚባለው ግን ዘመዱ የሆነ ሌላ ተክል ነው። ይኸኛው በ1876 በፊላዴልፊያው ኤግዚቢሽን ለአሜሪካ ሕዝብ ታየ፤ በ1930ዎቹም መንግሥት አፈር እንዲጠብቅ አስተከለው። ዳሩ ግን ዛፉንም ምሰሶውንም እያለበሰ ስላስቸገረ፣ በ1953 ለአፈር ልብስነት ከሚመከሩት ተክሎች ዝርዝር ተሰረዘ። ስለሆነም ትእዛዝ በገበያ ስም ሳይሆን በሳይንስ ስሙ፣ ማለት ፑዌራሪያ ፋሴኦሎይዴስ ተብሎ ይጻፍ። የቅርብ ጊዜ የዕፀዋት ሊቃውንት ኔውስታንቱስ ፋሴኦሎይዴስ ብለውታልና፣ ይህ ስም በፋክቱር ላይ ቢገኝ ያው ተክል መሆኑ ይታወቅ። የሐሩሩም ቢሆን ካልተገረዘ በወጣት ዛፍ ላይ የሚወጣ ነው፤ ወዳልለመደው አገር ከመግባቱ በፊት የዚያን አገር የዕፀዋት ጤና ባለሥልጣን ማስፈቀድ ያሻል።

በመጨረሻም ገዢ ከመክፈሉ በፊት በ1924 የተቋቋመው የዓለም አቀፍ የዘር ምርመራ ማኅበር ዕውቅና ከሰጠው ላቦራቶሪ የተሰጠ የምርመራ ምስክር ወረቀትና የዕፀዋት ጤና ወረቀት እንዲቀርቡለት ይጠይቅ። ምርመራው የተደረገበትንም ቀን ይመልከት፤ ሙቀትና እርጥበት በጉዞና በመጋዘን የዘርን ኃይል ያደክማሉና። ይህ ሥርዓት ለፑዌራሪያ ብቻ አይደለም፤ የአልፋልፋ ዘር ለሚያስመጣውም ሒሳቡ አንድ ነው። ሚዛን የሚነግረን ክብደቱን ነው፤ ሕይወቱን የሚነግረን ግን ምርመራው ነው።